የፊልማችሁን የመጨረሻ ቃል እንዴት ትጽፋላችሁ?

ሐዋሳ ውስጥ በስልክ አጭር ፊልም የሚሠራ ወጣት ሞልቷል። አንድ ቅዳሜ ፍቅር ሐይቅ ዳር ይቀርጻሉ፣ ሌላ ቅዳሜ አሞራ ገደል። ተዋናዩ የሰፈር ልጅ ነው፣ ኤዲተሩም የሰፈር ልጅ ነው። የብዙዎቹ ሥራዎች አጀማመር ያምራል። መሀላቸውም አይከፋም። ሊያልቁ ሁለት ደቂቃ ሲቀራቸው ግን ጋቢ የደረቡ አዛውንት ብቅ ይላሉ። "አያችሁ ልጆቼ፣ ሕይወት ማለት..." ሙዚቃው ከፍ ይላል። ተመልካቹ ስልኩን ያወጣል።

እዚህ የምናወራው ስለ መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነው። እንዴት ትጻፋለች፣ ማን ይናገራታል፣ እንዴት ትቀረጻለች። ምሳሌ የምወስደው ከድሮ ፊልሞች ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሰው ለአሥርት ዓመታት ሲደጋግማቸው የኖሩትን መዝጊያ ቃሎች ሰብስባችሁ ብታዩ አብዛኞቹ ተራ ናቸው። "ነገም ሌላ ቀን ነው።" "እንከን የሌለበት ሰው የለም።" "ተወው፣ ጄክ።" ማንም ሰው ማኪያቶ እየጠጣ ሊላቸው ይችላል። ክብደት የሰጣቸው ከእነሱ በፊት ያለፈው ታሪክ ነው። ስለዚህ ትንሽ ቃል ምረጡና ቀደም ብላችሁ ጫኑት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

እጃችን ላይ የምንሠራበት ነገር እንዲኖር አንድ የአሥር ደቂቃ ታሪክ እንፍጠር። አባት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እቁብ ሲደርሳቸው፣ ካጠራቀሙት ጋር ደባልቀው ለልጃቸው ባጃጅ ገዙለት። ግን በስጦታ አልሰጡትም፤ በብድር ነው። ደብተር አውጥተው፣ ቀን ጽፈው፣ አስፈርመውታል። ልጁ ትንሽ ከፈለ። ከዚያ ሞተሩ ተበላሸ። ከዚያ መክፈል አቆመ። ተጣሉ። ከዓመት በላይ ሳይነጋገሩ ቆዩ። አንድ ማታ ዝናብ እየጣለ አባት ከመናኸሪያ ወደ አቶቴ ሊሄዱ ባጃጅ ያስቆማሉ። ሸራው ወርዷል፣ ጨለማ ነው። ሹፌሩ ማን እንደሆነ ያወቁት ከተቀመጡ በኋላ ነው። መንገዱን ሁሉ ዝም ብለው ሄዱ። ቤታቸው በር ላይ ደረሱ።

አሁን ማን ምን ይበል?

1. ፊልሙ የጠየቀውን ጥያቄ በአንድ መስመር ጻፉ

ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ጭንቅላት ውስጥ አይበቃም። የእኛ ጥያቄ "ይህ ዕዳ እንዴት ይዘጋል?" የሚል ነው። "አባትና ልጅ ይታረቃሉ ወይ?" ብትሉም ያስኬዳል፤ ግን የመጀመሪያው ይሻላል፣ የሚጨበጥ ነገር አለው። ደብተር አለ፣ ብር አለ፣ ባጃጅ አለ። የሚጨበጥ ጥያቄ የሚጨበጥ ቃል ይወልዳል።

በ1942 የተሠራውን ካዛብላንካን ውሰዱ። ባለ ቡና ቤቱ ሪክ ፊልሙን ሙሉ "ለማንም ብዬ አንገቴን አልሰጥም" እያለ የሚኖር ሰው ነው። ጥያቄው ይህ ሰው ከማን ወገን ይቆማል የሚል ነው። መጨረሻ ላይ የሚወዳትን ሴት ከባሏ ጋር በአውሮፕላን ሸኝቶ፣ ጀርመናዊውን መኮንን ገድሎ፣ ከፖሊስ አዛዡ ጋር ጭጋግ ውስጥ እየተራመደ ይሄዳል። "ሉዊስ፣ ይህ የመልካም ጓደኝነት መጀመሪያ ይመስለኛል" ይላል። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጥያቄው ግን ተመልሷል።

2. መጥፎዎቹን ጽፋችሁ ጨርሱ

መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መስመር ለሁሉም ሰው የሚመጣው ነው። ስለዚህ አውጡትና ይውጣላችሁ። ለእኛ ታሪክ የሚመጡት እንዲህ ያሉ ናቸው።

"ልጄ፣ ከገንዘብ ፍቅር ይበልጣል።" ይህ ስብከት ነው። እኚያ ባለ ጋቢው አዛውንት ተመልሰው መጡ ማለት ነው።

"አባዬ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ በጣም እወድሃለሁ።" ስሜቱ እውነት ነው። ግን ከዓመት ኩርፊያ በኋላ፣ ዝናብ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ይህን የሚል ልጅ እስቲ አሳዩኝ። የእኛ ቤት ፍቅር በጓሮ በር ነው የሚገባው። "በልተሃል?" ይባላል። "ጃኬት ያዝ፣ ይበርዳል" ይባላል።

"ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ።" አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይህች ፈተና አለችበት። ተረትና ምሳሌ ጣፋጭ ነው፣ ቤት ይመታል፣ ያለቀ ይመስላል። ችግሩ ተመልካቹ ግማሹን ስትሉ ግማሹን እሱ ይጨርሰዋል። ከእናንተ ቀድሞ የደረሰ ተመልካች ደግሞ አይነካም።

ተረት የሚሆንበት ጊዜ የለም እያልኩ አይደለም። በ1933 የወጣው ኪንግ ኮንግ "ውበት ናት አውሬውን የገደለችው" ብሎ ነው የሚያልቀው። ቁጭ ያለ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። ግን ፊልሙ ሲጀምር ስለ ውበትና ስለ አውሬው የሚናገር የድሮ የዓረብ ተረት ነው የተባለ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ተረቱን ራሳቸው ፊልም ሠሪዎቹ ናቸው የፈጠሩት! ከአገር ተረት አልተበደሩም። የራሳቸውን ዘርተው የራሳቸውን አጨዱ።

3. ቃሉን ከራሳችሁ ስክሪፕት ውስጥ ፈልጉ

ከሁሉም እርምጃ እዚህኛው ላይ ጊዜ አጥፉ።

ስካርሌት ኦሃራን ታውቋታላችሁ። በ1939ኙ ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ ፊልም ላይ ችግር በገጠማት ቁጥር "ይህን ነገ አስብበታለሁ" ትላለች። አመሏ ነው። መጀመሪያ ስንሰማው የቀበጠች ልጅ ሽሽት ይመስላል። መጨረሻ ላይ ባሏ ጥሏት ሲሄድ፣ ደረጃው ላይ ተደፍታ አልቅሳ፣ ቀና ብላ "ነገም ሌላ ቀን ነው" ስትል ያው አመል ጥንካሬ ሆኗል። አዲስ ቃል አልመጣም። የቆየው ቃል ነው የተለወጠው። ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኮንን ፊልሙ የተሠራበትን መጽሐፍ እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ ወደ አማርኛ ሲመልሰው ርዕሱን ያደረገው ይህንኑ መዝጊያ ነው፤ "ነገም ሌላ ቀን ነው"። እዚያ ቦታ ላይ የተቀመጠ ሰው ያቺን መስመር ለምን እንደመረጠ ማስረዳት አያስፈልግም።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው የዚያ ፊልም መዝጊያ ባሏ ሬት በትለር በሩን ከፍቶ ሲወጣ "የኔ እመቤት፣ ለእኔ ግድ አይሰጠኝም" የሚለው ይመስለዋል። እሷ የእሱ የመጨረሻ ቃል እንጂ የፊልሙ አይደለችም።

ወደ ባጃጃችን እንመለስ። ስክሪፕቱን አንብቡና በታሪኩ ዓለም ውስጥ ሰው በየቀኑ የሚላቸውን ቃላት አስምሩባቸው። ባጃጅ ውስጥ ምን ይባላል? "ወራጅ አለ።" "ሂሳብ።" "ዝርዝር የለህም?" "ጠጋ በሉ።" ሻይ ቤት ውስጥስ? ሂሳብ ለመክፈል እጃችሁን ኪስ ስትከቱ አስተናጋጇ ከሩቅ ወደ ሌላ ጠረጴዛ በአገጯ ትጠቁምና "ተከፍሏል" ትላለች። ዞር ስትሉ አንድ የምታውቁት ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል።

ተከፍሏል። ይህችን ያዝዋት።

አሁን ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ትተክሏታላችሁ። አንደኛው ሲን ላይ፣ ልጁ ፒያሳ ሻይ ጠጥቶ ሊከፍል ሲል ሌላ የባጃጅ ሹፌር ቀድሞታል። "ተከፍሏል" ትለዋለች አስተናጋጇ። ቀላል፣ ደስ የሚል፣ ማንም ልብ የማይለው። መሀል ላይ ጥሉ ሲነሳ አባት ደብተራቸውን ከፍተው መነጽራቸውን አስተካክለው ወር በወር ያነባሉ። "መስከረም፣ ተከፍሏል። ጥቅምት፣ ተከፍሏል። ኅዳር..." ዝም። ገጹን ወደ ልጁ ያዞሩለታል። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ቃሏን ሳያውቀው ይዟታል። ከሁለት ጊዜ በላይ አትትከሉ። ሦስተኛው መጨረሻው ነው፤ አራተኛ ካስገባችሁ ይነቃባችኋል።

ቃል ብቻ ሳይሆን ቦታም እንዲህ ይጫናል። የ1974ቱ ቻይናታውን ላይ መርማሪው ጄክ ፖሊስ ሳለ ቻይናታውን በሚባለው ሰፈር የደረሰበትን ፊልሙን ሙሉ በቁራጭ በቁራጭ እንሰማለን። አንዲት ሴት ሊያድን ብሎ እሱ ራሱ ለጉዳቷ ምክንያት ሆኗል። ሰፈሩን ግን አናየውም። መጨረሻ ላይ ታሪኩ እዚያ ይደርሳል፣ ያው ነገር ይደገማል፣ ጓደኛው "ተወው፣ ጄክ። ቻይናታውን ነው" ይለዋል። የሰፈር ስም ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ተጭኖበታል።

4. ማን ይበላት?

ያው ቃል በተለያየ አፍ ሌላ ነገር ይሆናል። አፍ እየቀያየራችሁ ሞክሩ።

አባት ከባጃጁ ወርደው ደብተሩን ቀደው "ተከፍሏል" ቢሉስ? ምሕረት ነው። ያምራል፤ ግን ከላይ ወደ ታች ነው። ልጁ እንደ ተመከረ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይቀራል። ደግሞም ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ይህንን ነው።

አሁን አገላብጡት። አባት ልክ እንደማያውቁት ሹፌር እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው "ስንት ነው?" ይላሉ። ኩራት ነው፣ ትንሽም ክፋት አለበት። ልጁ ወደ ፊት እያየ፣ ዞር ሳይል፣ "ተከፍሏል" ይላል።

እዚህ ላይ ሰምና ወርቁ መጣ። ሰሙ የባጃጅ ሂሳብ ነው፤ የአባት ሂሳብ ልጅ ላይ ነው። ወርቁ ግን ብዙ ነው። ይህን ባጃጅ የገዛኸው አንተ ነህ፣ ከፍለህ ጨርሰሃል። ከአንተ አልቀበልም። ዕዳዬንም ረስቼ አይደለም። አንዱን ብቻ ማለቱ ነው የሚል ተመልካች ካለ ይበል። ቅኔ ለለመደ ተመልካች ወርቁን አውጥቶ መስጠት ስድብ ነው።

ቻፕሊን በ1931 ሲቲ ላይትስ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ የረዳት ሰው ሀብታም ይመስላት ነበር። ዓይኗ ከበራ በኋላ አንድ ጎስቋላ ሰው ሱቋ ደጃፍ ላይ ታያለች፣ አዝናለት ሳንቲም ልትሰጠው እጁን ትይዛለች። በእጁ አወቀችው። "አንተ ነህ?" ራሱን ነቀነቀ። "አሁን ማየት ቻልሽ?" አላት። "አዎ፣ አሁን አያለሁ።" ንግግሩ ድምፅ እንኳ የለውም፣ በጽሑፍ ነው የሚወጣው። ሰሙ የሐኪም ጥያቄና መልስ ነው። ወርቁን እናንተ ጨርሱት።

አፍ ስትመርጡ ሌላም ብልሃት አለ። ነገሩ ሲጋጋል የመጨረሻውን ቃል ለማይጋጋለው ሰው ስጡት። የ1959ኙ ሰም ላይክ ኢት ሆት ላይ ጄሪ እንደ ሴት ለብሶ ከወንበዴዎች ተደብቋል። ሀብታሙ ኦስጉድ ወዶት ላግባሽ ብሏል። ጄሪ ለማምለጥ ምክንያት ይደረድራል። ፀጉሬ የራሴ ቀለም አይደለም። ምንም አይደል። አጨሳለሁ። ግድ የለኝም። ልጅ አልወልድም። እናሳድጋለን። በመጨረሻ ዊጉን ነጭቆ "ወንድ ነኝ!" ይላል። ኦስጉድ ጀልባውን እየነዳ፣ ፈገግታው ሳይጠፋ፣ "እንግዲህ፣ እንከን የሌለበት ሰው የለም።" እሱ ቢደነግጥ ኖሮ ቀልዱ እዚያው ይሞት ነበር።

ቢሊ ዋይልደርና አይ ኤ ኤል ዳይመንድ ያቺን መስመር የጻፏት ለጊዜው ትቀመጥ፣ የተሻለ እናገኛለን ብለው ነበር። አላገኙም፣ አያስፈልግምም ነበር። ስለዚህ መስመሩ አልመጣልኝም ብላችሁ ቀረጻ አታዘግዩ። ጊዜያዊ አስቀምጡና ሂዱ።

5. ቀንሱ

ስትጽፉት መጀመሪያ እንዲህ ይወጣል፤ "አባዬ፣ የአንተ ሂሳብ እኮ ድሮ ተከፍሏል፣ አታስብ።" "አታስብ" ይውጣ፣ ማጽናኛ ነው። "እኮ" ይውጣ፣ ክርክር ነው። "ድሮ" ወርቁን አፍ አውጥቶ ይናገራል፣ ይውጣ። "የአንተ ሂሳብ" አያስፈልግም፣ ብሩ እጃቸው ላይ ይታያል። "አባዬ" ላይ ትንሽ ልትከራከሩ ትችላላችሁ። እኔ አወጣዋለሁ፤ አባዬ ካለ ታርቋል ማለት ነው፣ እኛ ደግሞ ታርቋል ወይ የሚለውን ክፍት መተው እንፈልጋለን።

ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ተዋናዩ ሲናገረው ምላሱን ካደናቀፈው እሱ የሚለውን ጠይቁትና የእሱን ውሰዱ።

6. ጭራሽ ባይኖርስ?

መስመሩን አውጥታችሁ ሲኑን አንዴ አስቡት። የ1949ኙ ዘ ሰርድ ማን ላይ ሆሊ ከጓደኛው ቀብር በኋላ መንገድ ዳር ቆሞ የሚወዳትን አናን ይጠብቃል። ረጅሙን መንገድ ወደ እኛ ስትመጣ እናያታለን። ዞር ብላ ሳታየው አለፈች። ሲጋራ ለኮሰ። አለቀ፣ ቃል የለም። ደራሲው ግሬም ግሪን አብረው እንዲሄዱ ፈልጎ ነበር። ዳይሬክተሩ ካሮል ሪድ እምቢ አለ። ግሪን በኋላ ሪድ ትክክል እንደነበረ ራሱ ጽፏል።

የእኛን ስንሞክረው ልጁ በእጁ ብቻ "ተወው" ይላል። ይሠራል፤ ግን እምቢታ ብቻ ነው የሚታየው፣ ወርቁ ይጠፋል። ቃሏ ትቆይ። የእናንተ ታሪክ ላይ ዝምታው ካሸነፈ ግን አትሰስቱ።

7. መስመሩን መቀየር እንድትችሉ አድርጋችሁ ቅረጹ

የካዛብላንካ መዝጊያ መስመር ቀረጻው ላይ አልነበረችም። ፕሮዲውሰሩ ሃል ዋሊስ የጻፋት ቀረጻው ካለቀ ከሳምንታት በኋላ ነው። ሪክን የተጫወተውን ሃምፍሪ ቦጋርትን ጠርተው ድምፁን ብቻ ቀዱና ገጠሙት። ይህ የተቻለው ሁለቱ ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ከካሜራው እየራቁ ስለሚሄዱ ነው። አፋቸው አይታይም።

ለእኛ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም። የመጨረሻውን ሾት ቢያንስ አንዴ ከኋላ ቅረጹት። ከአባት ትከሻ በላይ፣ የልጁ ጀርባና መሪው ላይ ያሉት እጆቹ ብቻ ይታዩ። ከዚያ በኋላ መስመሩ ቢያስጠላችሁ ሌላ ድምፅ ትገጥማላችሁ። ከፊት ለፊት ብቻ ከቀረጻችሁ ግን ታሰራችሁ።

ድምፁን ደግሞ ለብቻው ቅዱ። የባጃጅ ሞተርና ዝናብ ሸራ ላይ ሲመታ አንድ ላይ ሆነው ቃሏን ይውጧታል። ተዋናዩን ቤት ውስጥ ጋቢ አልብሳችሁ፣ ጋቢውን ከራሱ በላይ አድርጋችሁ፣ ስልኩን አፉ አጠገብ አስጠግታችሁ ቅዱት። ይስቃል፣ ያስቃል፣ ግን ድምፁ ጥርት ይላል። ቦታው ላይ ሳላችሁም ማንም ሳይናገር ለግማሽ ደቂቃ ያህል የአካባቢውን ድምፅ ያዙ። ኤዲት ላይ ከሥሩ ካላስገባችሁት ቃሏ ከሰማይ የወረደች ትመስላለች።

8. ከቃሏ በኋላ

ሙዚቃ ቃሏ ላይ አታስነሱ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ተዉት፤ ሞተሩ ይሰማ፣ ዝናቡ ይሰማ። ቻይናታውን ላይ ከዚያች ታዋቂ መስመር በኋላ ፖሊሶች ሕዝቡን "ከመንገድ ልቀቁ" እያሉ ሲጮኹ እንሰማለን። ዓለም ይቀጥላል። የእኛም አባት ብሩን እጃቸው ላይ እንደያዙ ቆመዋል፣ ባጃጁ ይሄዳል፣ ሌላ ሰው ከመንገዱ ማዶ "ባጃጅ!" ብሎ ይጠራል። እዚያ ቁረጡ። አባት ሲያለቅሱ እንይ የሚል ጓደኛ አይጠፋም። አትስሙት።

ስትጨርሱ ታሪኩን ለማያውቁ ሰዎች አሳዩ። ምን ተሰማችሁ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሐዋሳ ውስጥ ሰው ፊት ለፊት መጥፎ ነው አይላችሁም። ቃሏ ስትነገር ፊታቸውን እዩ። ስልካቸውን ቀድመው ካነሱ መስመሯ ዘግይታለች፣ ከፊቷ ያለውን ሲን አሳጥሩት። "ምን ማለቱ ነው?" ብሎ አንዱ ሌላውን ከጠየቀ ተከላው አልያዘም፣ የደብተሩን ሲን ግልጽ አድርጉት። ሁለቱ በትርጉሙ ከተጨቃጨቁ ግን ምንም አትንኩ።

ክሬዲቱን በጥቁር ስክሪን ጀምሩ። ስፖንሰር ካላችሁ ሎጎውን ፊልሙ መጀመሪያ ላይ አድርጉለት፣ እዚያ የበለጠ ሰው ስለሚያየው እሱም አይከፋም። መጨረሻ ላይ ካስገባችሁት የፊልማችሁ መዝጊያ ቃል የዕቃ ቤቱ ስልክ ቁጥር ሆኖ ይቀራል።